ማናሴ ያላየው ጨዋታ

ማናሴ የዳቦውን ሳጥን ተሸክሞ ሲገባ፣ ሚስቱ ዲቦራ በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ለአንዲት ደንበኛ ስልኳን ታሳያለች። ፎቶው ላይ አቢሶ እጅጌ የሌለው ማሊያ ለብሶ፣ እንቁላል የሚመስለውን የአውስትራሊያ ኳስ ለመያዝ ከሰው ትከሻ በላይ ዘሏል።

«የባሌ ታናሽ ወንድም ነው» አለች በለመደችው የዙሉ ቋንቋ። «ስምንት ዓመት ተጫውቶ ነው ያቆመው። ዛሬ ቤተክርስቲያን ለወጣቶች ይናገራል።»

ማናሴ ሳጥኑን መሬት ላይ ጣል አደረገው። ስለ እሱ ስለ ባሏ እንዲህ ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። ሆሳዕና ከተማ እያሉ የትምህርት ቤቱ አጥቂ እሱ ነበር፤ አቢሶ ዳር ቆሞ ነበር የሚያየው። ሜልቦርን ያለችው አክስታቸው አንዱን ልውሰድ ስትል ግን አባታቸው «ትንሹ ይሂድ፣ ማናሴ ራሱን ይችላል» አሉ። እሱም ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን በየብስ አቋርጦ፣ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ባለችው አገር ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ደረሰና ሱቅ ከፈተ።

ዲቦራ ልብስ ልትቀይር ስትገባ፣ ከሜልቦርን ሊጠይቃቸው መጥቶ እነሱ ቤት ያረፈው አቢሶ ወንድሙን ጠጋ አለው።

«ማኔ፣ በዋናው ቡድን የተሰለፍኩት አራት ጨዋታ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ በተጠባባቂው ነው የጨረስኩት። የትከሻዬ ጅማት ሁለቴ ተበጠሰ፣ ከዚያ ኮንትራቴን አላደሱልኝም። አሁን መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። አባባም አያውቅም።»

«ለምን ለእኔ ነገርከኝ?»

«ለአንድ ሰው እንኳ ልናገር ብዬ ነው። እዚያ ቤተክርስቲያን እንዳታነሳብኝ።»

ማናሴ ደስ አለው። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ዞሮ ዳቦውን መደርደር ጀመረ።

ሮዘተንቪል ያለው ቤተክርስቲያን ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቷል። ሽማግሌው ወንድም አለማየሁ ማይኩን ለማናሴ አቀበሉት።

«ኮከባችንን ታላቅ ወንድሙ ያስተዋውቅልን።»

ዲቦራ ከፊት ተቀምጣ አቢሶን በፈገግታ ታያለች። አቢሶ አንገቱን ደፍቷል። አራት የሚለው ቃል ማናሴ አፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አቢሶ ታናሼ ነው» አለ። «ሲጫወት ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ቪዲዮ ሲልክልኝ ኔትወርክ እምቢ አለኝ እለው ነበር። ውሸቴን ነው። ቀንቼበት ነው ያልከፈትኩት።»

ዲቦራ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች።

«እኔም እንደ እናንተ ዛሬ ገና ልሰማው ነው» አለና ማይኩን ለወንድሙ ሰጥቶ ተቀመጠ።