የተከፈተው ጣሪያ

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ ጣሪያውን ነፋስ ገነጠለው ብዬ ልዋሽ ነው?»

«እና እኔን ልታስከስሺኝ ነው? የሥራ ላይሰንስ እንደሌለኝ ታውቂ የለ! ምነው ያኔ ኮንትራት ብታስፈርሚኝ?»

«የልጄን ክርስትና አባት ‹ይፈርሙ› ልበል? ዓመቱን ሙሉ አይዘጉኝም ነበር?»

የወርቅውሃ ይህን ብላ ቀና አለች። ጋሽ ገዛኸኝ የኦክላንድ ቤቷን ጣሪያ ለማደስ አንስተው በላስቲክ ብቻ እንደሸፈኑት ኤልኒኞ የአየር ለውጥ ያመጣው ከባድ ዝናብ ገብቶ ነበር። ከልጇ አልጋ በላይ ኮርኒሱ ውሃ አቁሮ አብጧል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ሥራውን የሠራው ሰው ካልታወቀ እንደማይከፍል በደብዳቤ ነግሯታል። ካልከፈለ ማሳደሻ ገንዘብ የላትም፤ ከነልጇ መግቢያም የላትም።

በሩ ተንኳኳ። የኢንሹራንሱ መርማሪ ገባና ኮርኒሱን በባትሪ እያየ ጠየቃት።

«ጣሪያውን የከፈተው ማን ነው?»

ጋሽ ገዛኸኝ ከኋላዋ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማታል። ከኮርኒሱ አንድ ጠብታ ትራሱ ላይ ወደቀ።

«ገዛኸኝ» አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ።

መርማሪው መጻፍ ጀመረ። እሷ ከእስክሪብቶው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«የአባት ስምስ?»

ጋሽ ገዛኸኝ ግድግዳው ላይ ያስደገፉትን መሰላላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በጓሮ በር ወጡ።