በሩ ሲጎትት

የእኛን ባሕር ዳርቻ አይቶ አፉን የማይከፍት ሰው ካለ ዓይኑን ይታከም! አሸዋው ዱቄት ነው። ባሕሩ ውስጥ ካለው የኮራል ድንጋይ አጥር ውጭ ማዕበሉ ሲያጓራ፣ ከአጥሩ ወዲህ ሕፃናት ይንቦጫረቃሉ። ግን አጥሩ በር አለው። ባሕሩ ሲሸሽ ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ በዚያች ክፍተት ይወጣል፤ ሰው ካገኘም ይዞ።

ስለዚህ አማቴ እማማ ቶማሳ የመንደሩን ልጆች በየተራ እዚያ በር ላይ ይለቋቸዋል፤ ውጭ ታንኳ ይጠብቃል። «ሲጎትታችሁ እንዳትታገሉት! የታገለ ይደክመዋል፣ የደከመው ይሰምጣል። በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ ያውጣችሁ፤ ውጭ ራሱ ይለቃችኋል» ይላሉ። እኔ ለትዳር የመጣሁ የተራራ አገር ሰው ነኝ፤ ኔልዳን አልሰጥም አልኩ። አንድ ልጄ ናት! በትምህርቱ ቀን እጇን ይዤ አሸዋው ላይ አስቀመጥኳት።

«ዶሮ አደረግሻት እኮ!» አሉኝ አማቴ።

«ዶሮ ትሁን፣ ብቻ ትኑርልኝ!»

ባለፈው ቅዳሜ የዓሣ ቅርፊት እየፋቅኩ ቀና ስል፣ የኔልዳ ጭንቅላት ወደ በሩ እየሄደ ነው። ቢላውን ወርውሬ እስከ ወገቤ ገባሁ።

«ዋኚ! ወደ እኔ ዋኚ!»

አማቴ ቀሚሴን ከኋላ ጨምድደው ያዙኝ። «የት ልትደርሺ? ሁለት ሬሳ ልታስለቅሚኝ ነው?»

«አልተማረችም እኮ፣ እማማ!»

«አውቃለሁ» አሉ። «ይልቅ ታንኳውን ግፊ!»

እየገፋሁ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። መጀመሪያ ወደ እኔ ተንፈራገጠች። ከዚያ ድንገት ተወችው። ተንጋለለች፣ እጆቿን ዘረጋች፣ ውሃውም እንደ ቅጠል ይዟት በበሩ ወጣ።

ቀዝፈን ስንደርስ ውጭ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየች ተንሳፍፋለች። ጎትተን አስገባናት። አቅፌ አለቀስኩ፣ ሳምኳት፣ ደግሞ ተቆጣኋት። አማቴ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያዩዋታል፤ እንዲህ በኩራት ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም።

«ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«አንቺ ነሻ፣ አያቴ! እማዬ እጄን እንጂ ጆሮዬን አልያዘችም።»

«እኔስ ስጠራሽ አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰምቼሻለሁ፣ እማዬ። መጀመሪያ እሺ ብዬሽ ነበር።» የዋጠችውን ጨው ውሃ ተፋች። «በኋላ ግን ዋና እንደማትችዪ ትዝ አለኝ።»