የጎደለችው «ት»

ቢቸና ውስጥ አምባቸው ምጽዋ የማይለኝ የለም። ሰባት ዓመት ምጽዋ ሠርቻለሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ደግሞ ስለ ምጽዋ አውርቻለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤቴም ምጽዋ ሻይ ቤት ይባላል። ባሕር ያላየ ሰው በሞላበት አገር ባሕር ያየ ሰው ይከበራል፤ እኔም ማንም ሳይሾመኝ ተሾምኩ።

ሰርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ «እስቲ አምባቸው!» ይሉኛል። ከተማዋ በደጉ ዘመን እንዴት እንደነበረች እነግራቸዋለሁ፤ የአስመራ ሰው ብርዱን ሸሽቶ በባቡር ሲወርድና አሸዋው ላይ ሲጋደም፣ በበዓል ቀን ጀልባዎቹ ሲሽቀዳደሙ፣ ርችቱ ውሃው ላይ ሲፈነዳ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን እኔ አላየሁትም። የሆቴላችን ሽማግሌ ወጥ ሠሪ የነገረኝ ነው። ስንት ዓመት ሳወራው ግን ያየሁት መሰለኝ።

ጨዋታዬን የምዘጋው ሁልጊዜ በወታደሩ ነው። እኔ አስተናጋጅ በነበርኩበት ሆቴል ደጃፍ ከደጋ የመጡ አዲስ ወታደሮች ባሕሩን ለማየት ይሰበሰቡ ነበር። እኛ ደግሞ የባሕሩን ውሃ በብርጭቆ ቀድተን፣ በረዶ ጥለንበት፣ በትሪ እናቀርብላቸዋለን። «ጠበል ነው፣ ጠጡ» እንላለን። ሁሉም ገና አፉን ሲያስነካ ይተፋዋል። አንድ የጎጃም ልጅ ግን ቆቡን አውልቆ፣ አማትቦ፣ ጨለጠው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ አፉን በእጅጌው ጠረገና «በልጅነቴ ምጽዋት ስለምን ኖሬ ዛሬ ምጽዋ ደረስኩ። ‹ት›ዋን የት ጣላችኋት?» አለን። እኔም «የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ‹ት›ዋ እኔ ዘንድ ናት፣ ሲጠማህ ና» ብዬ አቀፍኩት።

እዚህ ላይ ሰው ይንከተከታል። እኔም ወደ ጠላዬ እመለሳለሁ።

ባለፈው ጥር አንዲት አሮጊት ከሞጣ መጡ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ነጠላቸው አቧራ ብቻ ሆኗል። ከሻይ ቤቴ በር ላይ ለመንገደኛ የማስቀምጠው የውሃ በርሜል አለ፤ ማንም በነጻ ይጠጣል። ከሱ በጣሳ ቀድተው ጠጡና «ለነፍስህ ይሁንልህ» ብለው መረቁኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ይመርቀኛል። አሜን ብዬ ግን አላውቅም።

«አምባቸው ምጽዋ አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ እናቴ። ይቀመጡ።»

«ይርጋነሽ እባላለሁ። አንድ ሹፌር ሞጣ ሰርግ ላይ ያንተን ጨዋታ ሲያወራ ሰማሁ፤ የወታደሩን።»

ዝናዬ ሞጣ ደረሰ ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ!

«ያ ልጅ ወንድሜ ነው» አሉ።

«እናቴ፣ የጎጃም ወታደር እኮ ስንትና ስንት ነበር።»

«ፊደል መንጠቅ የሱ ልማድ ነው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲማር በአኩፋዳ ምጽዋት ይለምን ነበር። እኔን ‹ይርጋ› ነበር የሚለኝ። ‹ነሽ›ን ለሚያገባሽ ሰው ትቼለታለሁ ይላል።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «መርዶው የመጣው ቆይቶ ቆይቶ በሰኔ ነው። የሞተበትን ቀን የነገረን የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ተዝካሩን በመርዶው ቀን ሳወጣ ኖርኩ። ቀኑ የሱ አይደለም። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሳልሞት የራሱን ቀን ልወቅለት። ከዚያ ወዲያ አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«ስሙንስ አልነገረህም?»

«አልነገረኝም።»

አፌ ፈጣን ነው፤ ለዚህ ስንት ዓመት ሠልጥኗል። አሮጊቷ አልተቆጡም። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ለመንገዳቸው ሊጠጡ ጣሳውን አነሡና ቆም አሉ።

«ብቻ፣ ሲሞት ውሃ ያቀበለው ሰው ይኖር ይሆን?» አሉ። የጠየቁት እኔን አልነበረም።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «ይታገስ!» አልኩ።

ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ። የወንድማቸውን ስም አልነገሩኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምን ልደብቅ? ነገርኳቸው። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ነው። ቧንቧው ደርቋል፤ ሆቴሉ ባዶ ነው። እኔ በሁለት ክፍል የመታጠቢያ ገንዳ ሙሉ ውሃ አጠራቅሜ፣ ቆልፌበት ተቀምጫለሁ። ቀትር ላይ የጓሮው በር ተንኳኳ።

«የቢቸናው፣ ያችን ‹ት› ልወስድ መጥቻለሁ» አለ።

ድምፁን አወቅኩት። የተደበቀ ወታደር አስጠግተህ ተገኘህ እንዳልባል ፈራሁ። ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩት ግን ሌላ ነው፤ ውሃዬን ሰሰትኩበት። በሩን ሳልከፍት «ታገስ» አልኩት።

«ስሜን ማን ነገረህ? ይታገስ ነኝ» ብሎ ሳቀ። ጉሮሮው ደርቆ ሳቁ ሳል ሆነበት።

ታገሰም። በሩን ተደግፎ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። እኔም ከወዲህ በኩል ተቀምጬ ነበር። በመካከላችን የነበረው አንድ ሳንቃ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት አሸዋው ላይ ወድቆ አገኘሁት። የብረት ቆቡ አጠገቡ ነበር። ግማሽ ድረስ የባሕር ውሃ ይዟል።

ይርጋነሽ አላለቀሱም። «ቀኑ?» አሉ ብቻ።

«የካቲት አሥራ ስድስት። ኪዳነ ምሕረት።»

በየዓመቱ በዚያ ቀን ቄሱ በጥርኝ ውሃ ስለዳነው ኃጢአተኛ መስበክ ሲጀምሩ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ጣሳውን ከመሬት አንሥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው፣ በርሜሉ ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ዘንድሮ ተዝካሩን በራሱ ቀን አወጣለሁ። ትመጣለህ። ለሰዉ ውሃ የምታዞረው አንተ ነህ» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ሄድኩ። መንገዱ በተዘጋ ብዬ ስመኝ ነበር፤ በዚያ ቀን ክፍት ሆነ። ሞጣ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ለመብል ተቀምጠዋል። ይርጋነሽ ያለ ሰላምታ ማሰሮና ጣሳ አስጨበጡኝ። ከካህናቱ ጀምሬ አዞርኩ። በየሰዉ ጭን ላይ አፈሰስኩ። እነሱ ግን «ለነፍስህ ይሁንልህ» ይሉኛል።

መካከል ላይ ስደርስ ያ ጨዋታዬን ሰርግ ላይ ያወራው ሹፌር አወቀኝ። «እንዴ፣ አምባቸው ምጽዋ!» ብሎ ጮኸ። «ሰዎች፣ የጨዋታው ባለቤት መጣ! እስቲ ያችን የወታደሩን ንገረን!»

ድንኳኑ ገና ሳልጀምር መሳቅ ጀመረ። ማሰሮዬን እንደያዝኩ ወደ ይርጋነሽ ዞርኩ፤ ዝም በል እንዲሉኝ ለመንኳቸው፣ በዓይኔ።

«ንገራቸው» አሉኝ። «ዛሬ ግን ጨርሰው።»