የታቀፈች አይልም

ሕጉን በሬዲዮ ስሰማ ድንች እየላጥኩ ነበር። የወለደች ሴት ሁሉ በስድስተኛው ሳምንት ስለ ሰውነቷም ስለ መንፈሷም ትጠየቃለች፤ ጤና ጣቢያው አልጠይቅም ማለት አይችልም፤ አለ ሰውየው። ቢላዬን አስቀምጬ ድምፁን ጨመርኩት። «ሁሉ» ነው ያለው። እኔም ወልጃለሁ። ልጄ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ እንጂ አልወለድሽም ያለኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ «እንዴት ነሽ?» ብሎኝ መልሴን የጠበቀ ሰው አላየሁም። አማቴ ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን እንደ መጥረጊያ ነው። ከቀብር ሳንመለስ የሕፃኑን ልብስ ጠራርጋ ወሰደችው፤ አንዲት ካልሲ እንኳ አልተረፈችኝም። ጎረቤቶቼ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ይሉኛል፤ የጠፋብኝ ጃንጥላ ይመስል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከመንገድ ሲደውል ስለ ጎማና ስለ ኬላ ያወራኛል። አንድ ቀን ስለ ልጃችን ላነሳ ስል፣ «ተይው በቃ፣ ሆድ ይፍጀው» አለኝ። የሱ ሆድ ሰፊ ነው መሰለኝ። የኔ ግን ሞልቷል።

ስለዚህ ስድስተኛው ሳምንቴ በሞላ ጠዋት ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰው እንዲጠይቀኝ። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ መድኃኒት አልፈለግኩ፣ እርዳታ አልፈለግኩ።

በሩ ላይ ዘበኛውን የወለደች ሴት የምትጠየቅበትን ክፍል ስጠይቀው እጆቼን አየ።

«ሕፃኑስ፣ እህቴ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ነገ ይዘሽው ነይ። የሚጠይቁት ክትባት ክፍል ነው፤ ሕፃን ሳይዙ አይገባም።»

ምላሴ እንደሆነ ድሮም አያርፍም። «ጋሼ፣ ሕጉ የወለደች ነው የሚለው! የታቀፈች አይልም!»

ሰውየው ደነገጠ። ዓይኔን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ፤ ነገሩ ገባው መሰለኝ ከበሩ ዘወር አለልኝ። ያኔ አፈርኩ። ምን አድርጎኝ ነው የምጮህበት?

አግዳሚው ላይ ከእናቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። አንዱ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ያስነጥሳል። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌያለሁ። አጠገቤ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ወጣት አለች፤ «ያንቺስ?» ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን የራሷ ጣጣ ይዟታል። ቁጭ ብድግ ስትል ቆየችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እታለም፣ በሞቴ፣ አንዴ ያዢልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሽንቴን ይዤ ልፈነዳ ነው።»

እሺም እምቢም ሳልል ልጁን ጭኔ ላይ አድርጋው በረረች።

ከበደኝ። የኔ እንዲህ አይከብድም ነበር። ጣቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ወይ ጉድ! የማያውቀውን ሰው፣ ሳይጠይቅ እንዲህ ያምናል?

በዚህ መሃል የክትባት ክፍሉ በር ተከፈተና ሲስተሯ ብቅ አለች። «ቀጣይ! አንቺ ነሽ፣ ግቢ።»

አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተነስቼ ገባሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የሕፃናት ሚዛን፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ወንበር። ሲስተሯ ገና ልጅ ናት፣ ድካም ዓይኗን አቅልቶታል። «ካርዱን ኋላ አየዋለሁ። መጀመሪያ ስላንቺ ነው የምጠይቅሽ፤ አዲሱ ሕግ ነው» አለችኝ። ስላንቺ! ይህን ቃል ለመስማት አይደል የመጣሁት?

«ሰሞኑን ስቀሽ ታውቂያለሽ?»

«እስቃለሁ» አልኳት።

«እንቅልፍስ?»

«እሱ ሲተኛ እተኛለሁ።»

«ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ራስን መውቀስ?»

«ኧረ ምን ጎድሎኝ!»

ሰማችሁልኝ? ጠያቂ ያጣሁት ሴትዮ፣ ጠያቂ ሳገኝ ዋሸሁ። እውነቱን ብናገር ልጁን ትወስድብኛለች። ከዋሸሁ ግን ለትንሽ ጊዜ እናት ነኝ። የሞኝ ሂሳብ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ክብደቱ ክንዴ ላይ ነበር።

ልጁ ተነጫነጨ፣ ከዚያ ለቅሶውን ለቀቀው። ጡቴ የማን ልጅ እንዳለቀሰ ምን ያውቃል? ደረቀ ያልኩት ወተት ወርዶ ሸሚዜን አራሰው።

ሲስተሯ አይታ ፈገግ አለች። «ርቦት ነው የኔ ጌታ። ምን ትጠብቂያለሽ? አጥቢው እንጂ፤ እያጠባሽ ትመልሺልኛለሽ።»

አንድ ቁልፍ ፈታሁ። ልጁ አፉን ከፍቶ ወደ ደረቴ ዞረ። ፈልጌያለሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። ግን እናቱ አምናኛለች። ቁልፉን መልሼ ቆለፍኩት።

«ሲስተር፣ ልጁ የኔ አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

«እናቱ ሽንት ቤት ሄዳ፣ ያዢልኝ ብላኝ ነው። የኔ ሞቷል።»

ከወንበሯ ብድግ ብላ እጇን ዘረጋች። ቀማችኝ ማለት አልችልም፤ ራሴ ነኝ የሰጠኋት። ይዛው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ባለ ቢጫ ሻርፏ «ልጄን! ልጄን ያያችሁ!» ስትል ሰማሁ፤ ወዲያው ድምፅዋ ጠፋ። አገኘችው ማለት ነው።

እርጥቡ ሸሚዝ ደረቴ ላይ በረደኝ። አሁን ዘበኛውን ይዛብኝ ትመጣለች ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ብቻዋን ተመለሰች። በሩን ዘጋች፤ ከመሳቢያዋ ንጹሕ ጨርቅ አውጥታ ለደረቴ ሰጠችኝ።

«ያለ ሕፃን የመጣች ሴት ጠይቄ አላውቅም» አለችኝ። «ማንም አልላከልኝም።»

«ሕጉ ግን የወለደች ነው የሚለው።» በዚህኛው ጊዜ አልጮህኩም።

«አዎ። እንዲያ ነው የሚለው።» ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?»

«ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰሞኑን ስቀሽ ታውቂያለሽ?»

«ስቄ አላውቅም» አልኳት።

ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልሄደችም። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።