ሰፍቶ የቀረ ልብ

ኖሌት አርባ ዓመት እስኪሞላት ስለ ልቧ ተጨንቃ አታውቅም። በአራት ዓመቷ የከተማ ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው፣ ከውልደቷ የተበላሸውን ልብ ጠግነው፣ «በየዓመቱ አምጣት» ብለው ለአባቷ ለአልሲድ አስረከቧት። አልሲድ ጥቂት ጊዜ አመላለሳት። ከዚያ ከልጆች ጋር ስትሮጥ አያት፤ ተወው። በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ባሕር ዳርቻ፣ በዚያ የአጥማጆች መንደር፣ የዳነ ሰው የሐኪም ደጅ አይረግጥም።

አድጋ በአባቷ ጀልባ፣ ሎብስተር የሚባለውን ሸርጣን መሰል የባሕር እንስሳ አጥማጅ ሆነች። ወጥመድ ከባሕሩ ወለል ጎትታ ስታወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚሆን ይመስላት ነበር። ሌላ ልብ ኖሯት አያውቅ፣ ከምን ታስተያየው?

ባለፈው ጥር ጀልባው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪሞች ሲያዩዋት፣ ድሮ በተጠገነው በኩል ደም ለዓመታት ወደ ኋላ ሲፈስ ኖሮ፣ የቀኙ የልቧ ክፍል እንደ አሮጌ አቁማዳ ሰፍቷል። ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ አዲስ ቫልቭ ተገጠመላት። ሐኪሟ «የሰፋው ክፍል ከተሰበሰበ ወደ ባሕር ትመለሻለሽ፤ ካልተሰበሰበ ግን ወጥመድ መጎተትም፣ ባሕር መውጣትም የለም» አለቻት። አልሲድ አርጅቷል፤ በኅዳር ማጥመድ ሲፈቀድ የጀልባውን መሪ ሊያስረክባት ቃል ገብቷል። ኖሌት ያንን ቀን ጠበቀች።

በመስከረም የልቧን ምስል አነሡ። ውጤቱን ሊሰሙ አባትና ልጅ አብረው ገቡ።

«ቫልቩ ደህና ነው፤ ጠብታ አያፈስም» አለች ሐኪሟ። «ክፍሉ ግን አልተሰበሰበም።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪያት እንጂ» አለ አልሲድ።

«የሚሰበሰብ ቢሆን እስካሁን ይጀምር ነበር። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ...» አለችና ተወችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሚነዳው አልሲድ ነበር።

«አባዬ፣ ጀልባዋን በየዓመቱ የብስ ላይ አውጥተህ ሆዷን ታያለህ አይደል?»

«ካላዩዋት ትበሰብሳለቻ።»

«እኔስ?»

አልሲድ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። «ስትሮጪ አየሁሽ። የዳነ ሰው ይዞ መመላለስ በሽታ መጥራት መሰለኝ።»

«ለጀልባዋ የሳሳኸውን ያህል...» ብላ ጀመረች። የቀረውን ግን ዋጠችው። እሷም ብትሆን ካደገች በኋላ ወደ ሐኪም አልሄደችም።

በኅዳር፣ ወጥመድ የሚጣልበት ቀን ደረሰ። መንደሩ እንደ ልማዱ ጎሕ ሲቀድ ወደቡ ላይ ወጣ። ኖሌት ከሸኚዎቹ ጋር ቆመች። ጀልባው ላይ በእሷ ቦታ የአጎቷ ልጅ ባዚል ገብቷል።

«ነይ ከነፋሱ ተጠለይ» አለቻት ሮዛሊ፣ ባሏን ባሕር የወሰደባት አሮጊት። «መቆምም ሥራ ነው፤ ትለምጂዋለሽ።»

«አልለምደውም፣ እማማ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።»

ሞተሩ ተነሣ። አልሲድ በመስኮት አንገቱን አወጣና፣ ዘመኑን ሙሉ እንደለመደው፣ «ኖሌት፣ ገመዱን» አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ።

ኖሌት ወደ ወደቡ ጫፍ ሄደች። ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታችና ወደ ጀልባው ወረወረችው። ባዚል ቀለበው።