ጣዕሙን ንገሪኝ

የልብስ ሰፊዋ ባል የአዳሪ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበር። እጁ ይጣፍጣል ተብሎ አገር ያወራለታል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ድስት ነክቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያህል ድስት ሲያማስል ይውልና ማታ ሲገባ፣ እዚህ እኔ እንግዳ ነኝ ብሎ እግሩን ይዘረጋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ነገሩ ይገለበጣል። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን አሮጌ መኪናው ላይ ጭኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን ይተክላል፤ እዚያ ማንንም ወደ እሳቱ አያስጠጋም።

ዘንድሮ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣበት። በጨረር ታከመ፤ እብጠቱም ቀነሰ። ነገር ግን ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ለብቻቸው አስቀምጦ በሽታው ሳንባው ድረስ መዝለቁን ነገራቸው። የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወርዱ ባልየው ስለ ሳንባው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ጨረሩ ምላሴን ወስዶታል» አላት። «ስኳርና አመድ አይለይልኝም። ለልጆቹ እንዳትነግሪብኝ።»

የሐይቁ ነገር በዚሁ የቀረ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከሥራ እንደመጣ የሐይቁን ስንቅ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ ማቀድ ጀመረ። ቶሎ የሚበላሸው ይቅደም፤ ሥጋው ለመጀመሪያው ማታ፣ ምስርና ድንቹ ለኋላ። ሽንኩርቱ እዚሁ ተከትፎ ይሂድ፣ ባቄላው መንገድ ላይ ይራስ። ትንሿ ልጁ ፓስታም ይያዝ አለች። ፓስታ ውሃ ይጨርሳል ብሎ እምቢ ቢላት፣ ሐይቅ ሙሉ ውሃ እያለ ወይ ብላ ረታችው። ልብስ ሰፊዋ የድንኳኑን ቅዳጅ በስፌት መኪናዋ እየሰፋች አብራቸው ሳቀች። ጥርሷ ነው እንጂ ሆዷስ አልሳቀም።

ሐይቁ ዳር እንደደረሱ ሦስት ድንጋይ ጎልቶ እሳት አነደደ። ቀይ ሽንኩርቱን አቁላላ፣ ሥጋውን ጨመረ፣ እንደ ልማዱ ጨዉን በጣቶቹ ቆንጥሮ በተነ። ትንሽ ቆይቶ ከጭልፋው ቀመሰና ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ከዚያ ጨዉን ደገመው። ሚስቱ አየችው፤ እጁን ልትይዘው ብላ ልጆቹን ፈርታ ተወችው።

ትንሿ አንዴ ጎርሳ መልሳ ሳህኑ ላይ ተፋችው።

«አባዬ፣ ጨው ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቶሎ ብላ፣ ሳልነግረው እኔም ጨምሬበት ነው አለች። ባሏ ቀና ብሎ አያትና፣ ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባል የለ፣ የዛሬው ለራሱ አበዛው ብሎ ቀለደ። ልጆቹ ሳቁ። ድንች ቀቅለው ቀላቅለው በሉት። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ተቀመጠ። ከለላ የሆንኩት መስሎኝ አዋረድኩት ብላ ሚስቱ ራሷን ወቀሰች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከድንኳኑ ስትወጣ እሳቱ ነዷል፤ ድስቱ ግን ባዶውን ነው። እሱ ጎኑ ተቀምጧል፤ ትልቋ ልጁ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«እናትሽ ትናንት ዋሽታ ነው» ሲላት ሰማች። «ደግሜ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ምላሴ ሞቷል።»

ልጅቷ ከምስሩ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«አንተስ አባዬ? አንተም ልትሞት ነው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ልጅቷ በክንዷ እንባዋን ጠርጋ ምስሩን አጠበች፤ ድስቱንም ጣደች። ከዚያ እሱ ይነግራታል፣ እሷ ትሠራለች፤ እሳቱን ቀንሺ፣ ቲማቲሙ ውሃውን ይጨርስ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አሁን። በመጨረሻ ጭልፋውን አቀበላት።

«ቅመሽና ጣዕሙን ንገሪኝ።»

እየተንተባተበች ነገረችው። መጀመሪያ ቲማቲሙ ኮምጠጥ ይላል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከኋላው ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ፣ ለራሱ የሚቀምስ ይመስል አፉን ያንቀሳቅስ ነበር። ትንሽ ዘይትና ግማሽ ቁንጥር ጨው አስጨመራት። ደግማ ቀመሰች።

«አሁን መጣ» አለችው።

እሱም «ጎሽ» አላት።

ያን ምስር ሁሉም በዳቦ ጠራርገው በሉት። እሱም ከመረቁ ጥቂት ማንኪያ ዋጠ፤ ሲውጥ ቢያመውም ደስ ብሎት ዋለ። እቤት እስኪመለሱ ድረስ አባትና ልጅ ከድስቱ አልተለዩም። ለትንሿ የነገራት ትልቋ ናት፤ እንዴት ብላ እንደነገረቻት እናትየዋ ጠይቃ አታውቅም።

ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት አረፈ።

በዓመቱ ማንም የሐይቁን ስም አላነሳም። በተከታዩ ክረምት ትልቋ እኔ እነዳለሁ ብላ ተነሳች፤ ሦስቱ ሄዱ። ድንኳኑን አጣመው ተከሉት። ትልቋ ሩዝ ጥዳ እሳቱ በዛባትና ሥሩ አረረ፤ ሩዙን ገና ሲያወጡ ዝናብ መጣ። መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘጉና ደረቅ ዳቦ በቀዝቃዛ እንቁላል መብላት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ እስከዚያ ቀን ልጆቿ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ልጆቹ ዝም በይ አላሏትም። ትንሿ ከኋላ ወንበር ተንጠራርታ ትከሻዋን አቀፈቻት፤ ትልቋ እንቁላሉን ልጣ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።