የጋራዡ በር

"አንቺስ ደህና ገብተሻል!" አለ ሐቢብ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን የቆርቆሮ ንፋስ ወፍጮ በጣቱ እያሽከረከረ። "ሲያመጧት ክንፏን ያጣምሙብኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። ወላሂ፣ አምራለች!"

ወይዘሪት ማዘንጊያ የልጆቹን ስም የጻፈችባቸውን ካርቶኖች በየዕቃው ፊት እያቆመች ነበር። ሐቢብን ያስጠራችው ዕቃ እንዲያደንቅላት አይደለም። የጋራዡ ትልቅ የብረት በር ማጠፊያው ላልቶ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ የሚወርደው የመጋቢት ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተላተመ መከራዋን ስላበላት ነው። ባለፈው ወር የአንድ ተማሪ ጣት ቀርጥፏል።

"ታውቃታለህ እንዴ?" አለችው።

"የእጄን ሥራ እንዴት አላውቅ፣ እሜቴ!" ሐቢብ ከወሎ መጥቶ መቐለ ገበያ ዳር የቆርቆሮ ሥራ ከከፈተ ቆይቷል። በጣልያን ጊዜ ኩሓ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀጥሮ ብየዳ ተምሯል፤ ሙያውን ሰው ሳያይለት ከቀረ ምሳ አይበላም። "ያቺ የበለስ መልቀሚያም የእኔ ናት። ያ የእህል ማበጠሪያም የእኔ ነው። የዓድዋ ልጆች ያመጡት የእኔ አይደለም፣ ግን ብየዳውን ይዩልኝ። ይሄ የልጅ እጅ ነው? እነሱም ጎበዝ ባለሙያ አላቸው ማለት ነው። ነገ ታዲያ የትኛዋ ትሸለማለች?"

ማዘንጊያ በእጇ የቀሩትን ካርቶኖች አንድ ላይ ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

ውድድሩ የእሷ ሐሳብ ነበር። አንኮበር ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ በ፲፱፻፴፱ ዓ.ም. መቐለ ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። አንድ ነገር ካሰበች ሳታደርሰው አትተኛም፤ ሌላውንም አታስተኛም። ከአክሱም እስከ ማይጨው ላሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ተማሪዎቻቸው ለቤት ወይም ለእርሻ የሚጠቅም አዲስ ነገር ፈጥረው መቐለ ይዘው እንዲመጡ ጻፈች። በትግራይ ጠቅላይ ግዛት እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ "ማንም አይመጣም፣ ባትደክሚ ይሻልሻል" ብለዋት ነበር። ልጆቹ በጭነት መኪና ተሳፍረው ከነዕቃቸው ሲደርሱ ግን ማደሪያ ፍለጋ ከተማውን ሲዞሩ የዋሉት ራሳቸው ርዕሰ መምህሩ ናቸው።

ለአሸናፊው የተዘጋጀው ሽልማት መጋዝ፣ መላጊያና መዶሻ ያለበት ሣጥን ነው። የማዘንጊያ ዓይን ግን ያረፈው ጋራዡ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ፣ ጣልያን ትቶት የሄደ ሰፊ ጋራዥ ነው። እሷ የልጆች የእጅ ሥራ ክፍል እንዲሆን ትፈልገዋለች። ከፋለ የሚባል የእህል ነጋዴ ደግሞ መጋዘን ላድርገው ብሎ ደጅ ይጠናል። ቁልፉ ያለው በከተማው ሹም በግራዝማች ወልደጊዮርጊስ እጅ ነው። ለትርኢቱ ብቻ አስከፍተው ሰጧትና "ልጆቹ የሚሠሩትን ልይ፤ ከዚያ ለማን እንደሚሆን እወስናለሁ" አሏት። ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ልጆቹ ደግሞ አንድም ነገር በእጃቸው አልሠሩም።

"ታዲያ ዝም ማለት ነዋ" አለ የሒሳብ አስተማሪው አስናቀ፣ ሐቢብ ወደ በሩ ሲሄድለት ጠብቆ። "ግራዝማች ያያሉ፣ ይደነቃሉ፣ ቁልፉን ይሰጡሻል። ማን ምን ይጎዳል?"

"ክፍሉን የፈለግሁት ልጆቹ እንዲሠሩበት ነው፣ አስናቀ። ሐቢብማ የራሱ ሱቅ አለው።"

"መጀመሪያ ክፍሉን ያዢ። ሥራው ይደርሳል።"

"አታልዬ በገባሁበት ክፍል ቆሜ ልጆች ላስተምር?"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። ከፋለ ጆንያውን ሲያራግፍበት ግን መጥተሽ እንዳታለቅሺብኝ።"

ማዘንጊያ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል። ቀስ ብላ "የዚችን ወፍጮ ባለቤት ጥሩልኝ" አለች።

ሓድጉ መጣ። የፊታውራሪ ገብረዝጊ ልጅ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ነጭ ኩታውን እንደ ትልቅ ሰው አጣፍቷል።

"ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ።" ዓይኑን አልሰበረም።

"በየትኛው እጅህ?"

"የቀጠቀጠውማ ሐቢብ ነው።"

"ታዲያ የሐቢብ ነዋ!"

ሓድጉ፣ ይቺ ሴትዮ ነገር አይገባትም እንዴ በሚል ዓይን አያት። "ክንፎቹ ስድስት ይሁኑ ያልኩት እኔ ነኝ። በአራት እምቢ አለ፤ አይዞርም። ብረቱን የገዛው አቦይ ነው፣ አባቴ። አቦይ የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ ድንጋይ ተሸክሟል? አልተሸከመም። ሰው ሁሉ ግን የፊታውራሪ ሚካኤል ነው የሚለው።"

ልጁ አልዋሸም። እሱ ባደገበት ቤት ያሰበና ያዘዘ ባለቤት ነው፤ ብረቱን የመታው ሰው ስሙ አይነሳም። እንዲያውም ስሙ ሲነሳ ልጅ ይሸሸጋል፤ ቡዳ ነው ይባላል፤ በጋብቻ የሚጠጋው የለም። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ደብዳቤ ስትጽፍ "በገዛ እጃችሁ" የምትል ቃል መጨመር እንደሚያስፈልግ ለአፍታ እንኳ አልታያትም።

"መዶሻ ይዘህ ታውቃለህ?"

"ኣይፋል፣ በጭራሽ! አቦይ ቢያየኝ ቀጥቃጭ ሆንክ ብሎ..." ሐቢብ በቅርብ መኖሩን ያኔ አስታወሰና አፈረ። ሐቢብ እንዳልሰማ ሰው ማጠፊያውን በጥፍሩ መፋቅ ቀጠለ። ያ ማዘንጊያን ከሁሉ በላይ አሳዘናት።

ሓድጉ ከሐፍረቱ መውጫ ሲፈልግ፣ "እርስዎስ መምህር?" አለ። "በሩን ለምን ራስዎ አልሠሩትም? ሐቢብን አስጠሩት አይደል?"

አስናቀ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የማዘንጊያ ፊት ጋለ። እውነቱን ነው። አንኮበር አባቷ ቤት አንዲት ምስማር ለመምታት ሰው ይጠራ ነበር። በዕድሜዋ መዶሻ አንስታ አታውቅም፤ ይኸው የመላ ጠቅላይ ግዛቱን ልጆች የእጅ ሥራ ታወዳድራለች። ልትቆጣ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ግን ራሷም ሳቀች።

"ሐቢብ!"

"አቤት፣ እሜቴ።"

"በሩን ተወው። መሣሪያህን እዚህ አስቀምጥና ነገ ጠዋት ጥሩ ልብስህን ለብሰህ ና።"

"በሩ ሳይሠራ? እንግዶቹ ላይ ይላተማል እኮ!"

"ይላተም።"

በማግስቱ ቅዳሜ እንግዶቹ በጋራዡ ግቢ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ግራዝማች ወልደጊዮርጊስ መሐል ተቀምጠው የቁልፉን ቀለበት በጣታቸው ላይ ያዞራሉ። በቀኛቸው ፊታውራሪ ገብረዝጊ አሉ፤ የገዛ ዣንጥላቸውን እንኳ ይዘው የማያውቁ ሰው ናቸው፣ አሽከራቸው ከኋላ ቆሞ ይዞላቸዋል። ከፋለ ወደ ልጆቹ አንዴም ሳይዞር የጋራዡን ጣሪያ በዓይኑ ይለካል። በሩ እንደ ልማዱ ጓ! እያለ ይላተማል።

ማዘንጊያ እንግዶቹን እየመራች ዕቃዎቹን አሳየች። ካርቶኖቹ ተቀይረዋል። በንፋስ ወፍጮዋ ፊት "ያሰበው ሓድጉ ገብረዝጊ፣ የሠራው ሐቢብ" ይላል። ሐቢብ ስሙን ሲያነቡለት ደረቱን ነፍቶ፣ ላላነበበው ሁሉ በጣቱ ያሳይ ጀመር።

"መልካም ነው" አሉ ግራዝማች ግራ ተጋብተው። "ታዲያ ልጆቹ የሠሩት የቱ ነው?"

"እሱን አሁን ያዩታል፣ ግራዝማች።" ወደ ልጆቹ ዞረች። "ይህን በር ታውቁታላችሁ። ከጓሮ የመኪና ቁርጥራጭ አለ፣ የሐቢብ መሣሪያ እዚህ አለ። በሩ ነፋስ ሲመጣ ሳይላተም ተከፍቶ እንዲቆም አድርጉልኝ። እንዴት እንደሆነ የእናንተ ፋንታ ነው። ሽልማቱ በገዛ እጁ ለሠራ ነው።"

ማንም አልተነቃነቀም። የአክሱሞቹ የዓድዋዎቹን አዩ፣ የዓድዋዎቹ መሬቱን አዩ። በአጥሩ ዙሪያ ወላጅ ሞልቷል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብረት ለመምታት መጀመሪያ መሆን የፈለገ ልጅ የለም። ከፋለ ፈገግ አለ።

ፊታውራሪ ገብረዝጊ ተነሡ። "ልጆቻችንን የላክነው ፊደል ሊቆጥሩ እንጂ ብረት ሊቀጠቅጡ አይደለም። ሓድጉ፣ ንዓ ወደይ፣ ና ልጄ! እንሂድ።"

ግራዝማች ቁልፉን ማዞር አቁመው ኪሳቸው ጋ አድርሰውታል። ማዘንጊያ አንድ የሚያምር ንግግር ብታገኝ ትናገር ነበር፣ ግን አልመጣላትም። ስለዚህ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገች፣ ከቁርጥራጩ አንድ ዘንግ መዘዘች፣ አሮጌ የመኪና አክስል ላይ አጋደመችው፣ መዶሻውን አነሳችና መታች።

መዶሻው ነጥሮ አውራ ጣቷን አገኛት። አጥሩ ዳር ያሉት ሳቁ። እንባዋ እየመጣ ጥርሷን ነክሳ እንደገና አነሳችው።

"እንዲያ አይያዝም፣ መምህር!" ሓድጉ ነበር። መንገድ ጀምሮ ቆሟል። "ከአንገቱ አይያዝም። ከጫፉ ነው።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"ሐቢብ ጋ ስመላለስ አይቼ።" የአባቱን ፊት አየ፣ ዘንጉን አየ። "እንዲህ ከቀጠሉ እኮ ጣትዎን ይጨርሱታል" አለና ኩታውን አወለቀ። የሚያስቀምጥበት ፈለገ፤ መሬቱ ሁሉ ዘይት ነው። ቅርቡ የቆሙት አባቱ ነበሩና ዘረጋላቸው። ፊታውራሪ ሳያስቡት ተቀበሉት።

ሓድጉ መዶሻውን ከጫፉ ይዞ ሲመታ ዘንጉ ታጠፈ። ደገመው። ከዓዲግራት የመጣች ግደይ የምትባል ቀጭን ልጅ ጎማ እየጎተተች መጣች። "መንጠቆ ብቻ አይበቃም" አለች። "በሩ ከምሰሶው ጋር ይጋጫል። መሐሉ ላይ ይሄ ይግባ።" የማይጨው ልጆች ምስማር ይለቅሙ ጀመር። የአክሱሞቹም እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀላቀሉ። ግቢው በብረት ድምፅ ተሞላ።

የመጀመሪያው መንጠቆ አልያዘም። ነፋስ መጣና በሩን ነጥቆ ጓ! አደረገው፤ ሰዉ "እህ!" አለ። ሐቢብ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ማዘንጊያ በዓይኗ መለሰችው።

"ልርዳቸው እንጂ፣ እሜቴ! መንጠቆዋ እኮ..."

"ዛሬ እንግዳ ነህ፣ ሐቢብ። ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ፤ እጁን ግን ከጭኑ ሥር ካልቀበረው አላስቀምጠው አለ። ልጆቹ መንጠቆውን አውልቀው እንደገና አጠፉት፣ አንገቱን አሳጠሩት፣ ግደይ ጎማውን ደርባ ምሰሶው ላይ ቸነከረችው። በሩን ከፍተው አጠለቁትና ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። ነፋሱ መጣ። በሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ጎማው ላይ አረፈና ቀጥ ብሎ ቆመ።

"የእኔ ተማሪ ነው!" ብሎ ጮኸ ሐቢብ።

ግራዝማች ተነሥተው ሄዱና በሩን በሁለት እጃቸው ገፉት፣ ሳቡትም። መንጠቆው ጠማማ ነው፤ ምስማሮቹም ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ሲያዩት ያስጠላል" አሉ።

"አዎ፣ ግራዝማች" አለች ማዘንጊያ።

"ግን ይዟል።" ለአፍታ ልጆቹን፣ ጥቁር የተቀባ እጃቸውን አዩ። "አቶ ከፋለ፣ ለእህልህ ሌላ ቤት ፈልግ" አሉና ቁልፉን በማዘንጊያ መዳፍ ላይ አኖሩላት። አውራ ጣቷ አብጦ ስለነበር በደንብ መጨበጥ አልቻለችም፤ ደስታዋ ግን ከሕመሙ በለጠ። ሣጥኑን ለሓድጉና ለግደይ አንድ ላይ ሰጠቻቸው። ተሸክመው ወደ ጋራዡ ገቡና ማንም ሳያዛቸው ከፍተው መሣሪያውን መደርደር ያዙ።

እንግዶቹ መበተን ጀመሩ። ፊታውራሪ ገብረዝጊ ኩታውን እንደያዙ ቆመው ነበር።

"ሓድጉ! ኩታህን ልበስ። መሸብን።"

ገና ረፋድ ነው። ሓድጉ መዶሻ ይዞ ከተንበረከከበት ከበሩ ሥር ቀና አለ፤ ግንባሩ ላይ ዘይት ተቀብቷል።

"ትንሽ ይቆዩኝ፣ አቦይ። የታችኛው ማጠፊያ ላልቷል፣ እሱን ላጥብቀው።"

ሊሄድ የነበረው ሰው ሁሉ ቆመ። ፊታውራሪ ልጃቸው መዶሻውን ከጫፉ ሲይዝ ተመለከቱ። አሽከሩ ዣንጥላውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፣ ኩታውን ሊቀበላቸው ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ያምጡት፣ ጌታዬ።"

"ተወው" አሉ። ኩታውን አጥፈው በገዛ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉትና ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "እኔ እይዝለታለሁ።"